በቃሉ የሚታመን ቤት

በጓሳ ከተማ እንግዳ ሳይነገር አይመጣም። ነውር ነው። ማታ ማታ፣ ራት ከተነሣ በኋላ፣ የቤቱ ትልቅ ሰው ወደ ግድግዳው ይዞርና ለነገ ቃል ይሰጣል፤ ጠዋት ገላውን የሚታጠበው ማን እንደሆነ፣ ወጥ መቼ እንደሚጣድ፣ የሚመጣ ዘመድ ይኖር እንደሆነ ይናገራል። ግድግዳው "ተቀብያለሁ" ይላል። ሳይነገር የመጣ ዘመድ በር ላይ ቆሞ "ቃል ሳላስይዝ ነው የመጣሁት፣ አልገባም" ይላል። ባለቤቱም "ኧረ በሞቴ ግባ" ይለዋል። ሁለቱም ግን ልባቸው አያርፍም፤ ማታ ስማቸው ሊጠራ ይችላላ።

ስም የሚጠራው ጥላው ነው።

ከከተማው ጀርባ፣ ጉብታው ውስጥ የተቀበረውን የኒውክሌር ማብላያ ሰዉ ምድጃው ይለዋል። ምድጃው ውሃ ያሞቃል፤ ውሃው በቧንቧ ቤት ለቤት ዞሮ ሙቀቱን ይሰጥና ቀዝቅዞ ይመለሳል። በመንዝ ውርጭ ያለ እሱ አይታደርም። ጥላው ደግሞ ስሌት ነው፤ የምድጃውን የነዳጅ ፍሬ፣ የውሃውን ጉዞ፣ የየቤቱን ግድግዳ ውፍረት ሳይቀር በቁጥር አስመስሎ የያዘ ሁለተኛ ምድጃ ነው። ከእውነተኛው ትንሽ ቀደም ብሎ ይነድዳል። ከሰዉ ቃል ተነሥቶ ነገ ምን ያህል ሙቀት እንደሚፈለግ ዛሬ ያውቃል፤ አንድ ቧንቧ ድንገት ቢዘጋ ምድጃው እስከ ምን ድረስ እንደሚናወጥም ያውቃል። ምድጃውን የሚያዘው እሱ ነው።

ጥላውና ምድጃው የተለያዩ ቀን ሰበቡ ለሕዝብ መነገር አለበት። ከተማው ሲቆረቆር ነዋሪው "ከጓሯችን እሳት ቀብራችሁ ምስጢር የሚባል ነገር አይኖርም" ብሎ ያስጻፈው ደንብ ነው። ስለዚህ በየምሽቱ፣ የመንዝ ለዛ ባለው የሴት ድምፅ፣ ጥላው ከየቤቱ ግድግዳ የቀኑን ሰበብ ያነባል። የእገሌ ቧንቧ አፈሰሰ። የእገሊት ልጅ መስኮት ከፍቶ ተኛ። ሰዉ ዜና ሲነበብ ያወራል፤ ሰበብ ሲነበብ ግን ጸጥ ይላል።

ትርንጎ ላቀው የምትሠራው ጥላ ቤት ነው። የሥራ መደቧ "አስታራቂ" ይባላል። በጥላውና በምድጃው መካከል ልዩነት ሲመጣ ማን እንደተሳሳተ መርምራ ትበይናለች፤ ስሌቱ፣ በየቤቱ የተተከለው መለኪያ ወይስ ቃል ሰጪው ሰው። ስሙን ያወጡት የመጀመሪያዎቹ መሐንዲሶች ለቀልድ ነበር ይባላል። ቀልዱ ግን ውሎ አድሮ ሥራው ውስጥ ገባ። አስታራቂዎቹ እንደ ሽማግሌ ማሰብ ጀመሩ፤ ማንም አንገቱን ደፍቶ እንዳይሄድ።

ይህን ያስተማራት አጠገቧ የሚቀመጠው ኪዳኔ ነው። የገና ጾም በገባ ሰሞን አንድ ልዩነት ይዛ ስታመነታ አያትና ወንበሩን አስጠጋ።

"ምን ሆነሽ ነው እንደዚህ ፊትሽን ያጠቆርሽው?"

"አንድ ቤት ነው። ጠዋት ምንም አልጥድም ብሏል። መለኪያው ግን አንድ ነገር እየተጣደ ነው ይላል።"

"ግማሽ ለጥላው፣ ግማሽ ለመለኪያው ስጪ። 'ስሌቱ ትንሽ አሳነሰ፤ መለኪያው ትንሽ አበዛ' በይ። ሰበብም የለ፣ ስምም የለ።"

"ሙቀት በግማሽ ይታረቃል እንዴ?"

"ሰው በምን ይታረቅ መሰለሽ?" ብሎ ሳቀ። "እኔ የአክስቴን ቤት ስንቴ አስታርቄአለሁ። እዚህ ክፍል ውስጥ አክስት የሌለው ካለ እሱ ይፍረድብኝ!"

ከወዲያ ማዶ የተቀመጡት ሳቁ። ትርንጎም ሳቀች። የቤቱን ቁጥር ግን ለኪዳኔ አላሳየችውም። የራሷ ቤት ነበር።

በዚያ ቤት የሚኖሩት እሷና አባቷ ብቻ ናቸው። አባቷ ጋሽ ላቀው ደስታ የእድሩ ዳኛ ናቸው። ጾሙ ሊገባ ሲል ወደ ግድግዳው ዞረው፣ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "በዚህ ቤት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እሳት አይነካም" ብለው ቃል የሰጡት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ዓመት በጾሙ ጠዋት እንቁላል ጠብሳ ስሟ የተጠራውን ጎረቤታቸውን እትዬ ዘነቡን ከእድሩ ወጥ ቤት ያስወጧትም እሳቸው ናቸው። "የጾም ወጥ እጇ አይንካው" ነበር ያሉት። እትዬ ዘነቡ አልተከራከረችም። ከዚያ ወዲህ ሐዘን ቤት ስትሄድ ውሃ ትቀዳለች እንጂ ወደ ድስቱ አትጠጋም።

ትርንጎ መጀመሪያ የጠረጠረችው ሌባ ነው። በማግስቱ ከሥራ አስፈቅዳ ረፋዱ ላይ ወደ ቤት ተመለሰች። በሩ ላይ ስትደርስ የዘይት ጩኸት ሰማች። በመስኮቱ መጋረጃ ቀዳዳ አባቷን አየቻቸው። ጋቢያቸውን አደግድገው፣ እንቁላል ያለበት መጥበሻ ላይ አጎንብሰው፣ ቆመው ይበላሉ። በችኮላ ነበር የሚበሉት። ጠረጴዛው ላይ መርፌና አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነበር። ጠርሙሱን ታውቀዋለች፤ የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ነው። ለእሷ ነግረዋት አያውቁም።

ወደ ኋላ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመደችና ጮክ ብላ ሳለች። ከዚያ ቁልፏን ፈልጋ እንዳጣች ሰው ቦርሳዋን ስታንኳኳ ቆየች። ስትገባ አባቷ መደቡ ላይ ተቀምጠው ነበር። መጥበሻው አይታይም፤ ከመደቡ ሥር ግን ጭስ ቀስ እያለ ይወጣል።

"ምነው በሰላም ነው ትርንጌ? በዚህ ሰዓት?"

"ራሴን አሞኝ ነው አባዬ።"

"እግዚአብሔር ይማርሽ።" አፍንጫዋን ሲያዩ አየቻቸው። "ሽታው ከዘነቡ ቤት ነው" አሉ። "እኔማ ምን ልበላት? ዘንድሮም አልተወችም።"

ትርንጎ ያኔ ዝም ማለት ትችል ነበር። "እሷስ መቼ ይቀርላታል!" አለች።

ከግድግዳው ማዶ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እትዬ ዘነቡ ቤቷ ነበረች። አባትና ልጅ ወለሉን አዩ፤ ከዚያ ጋሽ ላቀው ተነሥተው፣ አሞኛል ላለች ልጃቸው ውሃ ቀዱላት።

ካህን ቢጠየቅ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ ትርንጎ ታውቃለች። እሳቸውም ያውቃሉ። ችግሩ ከእግዚአብሔር ጋር አይደለም። ችግሩ ካልተነገረ የሚጠራው ስም፣ ከተነገረ ደግሞ በየቤቱ የሚዞረው ወሬ ነው፤ ዘነቡን ያስወጣ ሰው እንቁላል ይጠብሳል።

ግማሽ ግማሹን ሞከረችው። ለጥቂት ቀን ሠራ። ነገር ግን አባቷ በየቀኑ መብላት ነበረባቸው፤ በየቀኑ የሚመጣ ልዩነት ደግሞ "ተደጋጋሚ" በሚለው ተራ ይገባል፤ ተደጋጋሚን አለቃ ያየዋል። ስለዚህ አንድ ቀን፣ ኪዳኔ ለአፍታ ሲወጣ፣ የቤታቸውን መለኪያ "ሞቷል" ብላ መዘገበችው። መለኪያ ሲሞት አሠራሩ የታወቀ ነው፤ እስከዚያ የመዘገበው ሁሉ ይሰረዛል። ውርጩ አልፎ አዲስ እስኪተከል ድረስ ቤቱ በቃሉ ይታመናል። ጥላው "ተቀብያለሁ" አለ። ያን ቀን ጾሟን ስትፈታ በደንብ በላች።

ሌሎቹም ያስታርቁ ነበር። የአክስት ወተት፣ የአማች ገላ መታጠብ፣ ሳይነገር መጥቶ ያደረ ዘመድ፤ ሁሉም በግማሽ ይታለፋል። ጥላው ከሚሰጠው ብይን የሚማር ስሌት ነው። ከእነሱም አንድ ነገር ተማረ፤ በጓሳ ከተማ መለኪያ የሚለው ነገር ግማሹ ብቻ እውነት ነው።

ውርጩ በጠናበት ሳምንት፣ አንድ ጠዋት፣ ውሃውን ወደ ላይኛው መስመር የሚገፋው ፓምፕ ቆመ። እንዲህ ያለውን ነገር ጥላ ቤት ውስጥ "ድንገቴ" ይሉታል። ጥላው ድንገቴን ሺህ ጊዜ በስሌት ኖሮታል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፤ ሙቀቱ የሚሄድበት ሲያጣ ምድጃውን ወዲያው ዝቅ ማድረግ ነው። ከየቤቱ መለኪያ "ሙቀት አልደረሰንም" የሚል መጣ። ጥላው ግማሹን አመነ። ቤቶቹ ሙቀት እየወሰዱ ነው፣ ትንሽ አንሷቸዋል እንጂ፣ ብሎ አሰበና ምድጃውን በትንሹ ብቻ ዝቅ አደረገው።

ትርንጎ ከጉልበቷ አጠገብ ያለው ማሞቂያ ሲቀዘቅዝ ተሰማት። በእጇ ነካችው። ብረቱ በረዶ ነው።

"ኪዳኔ፣ ይሄ ነገር ቀዝቅዟል።"

ኪዳኔ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ የኮምፒውተሩን ማያ አየ። "ሞቋል ይላል እኮ። ክፍላችን ሞቋል።"

"ጥርስህ እየተንገጫገጨ ነው!"

"እኔን ተይኝ፣ የነዳጁን ፍሬ የሙቀት መስመር እይው፤ ቀጥ ብሏል። ምንም የለም።"

የፍሬው መስመር በእውነትም ቀጥ ብሎ ነበር። ሆኖም በነዳጁ ፍሬ ልብ ውስጥ የሚቆይ መለኪያ የለም፤ ሁሉም ይቃጠላል። እዚያ ውስጥ ስንት እንደደረሰ የሚታወቀው በጥላው አፍ ብቻ ነው። ትርንጎ ቀጥ ያለውን መስመር እያየች፣ አንድ እጇን ከቀዘቀዘው ብረት ሳታነሣ፣ የራሷንና የኪዳኔን ግማሾች፣ የሁሉንም ግማሾች በአእምሮዋ ደመረቻቸው። ምድጃውን በእጇ ማስቆም ትችላለች፤ የሚያጠፋው ቀይ መያዣ ከበሩ አጠገብ ነው። የጎተተው ሰው ግን ምክንያቱን ይጠየቃል። ተነሣች። በሩ ጋ ስትደርስ መያዣውን ሳትነካው ቆማ ቀረች።

ከጉብታው በኩል ቁም ሣጥን ሲዘጋ እንደሚሰማው ያለ ድምፅ መጣ። የሚያስቆሙትን ዘንጎች አንጠልጥሎ የያዘው ብረት፣ ምንም ስሌት የማያውቅ፣ ሙቀት ሲበዛበት ከመቅለጥ በቀር ሌላ ሥራ የሌለው ብረት፣ ቀለጠ። ዘንጎቹ ወደቁ። ምድጃው ጠፋ። ማንም አልተጎዳም፤ ከጉብታው የወጣ ነገርም የለም። እንዲህ በአንድ ጊዜ የጠፋ ምድጃ ግን ውስጡ የታፈነው ጋዝ እስኪጠራለት ድረስ ተመልሶ አይነድድም። ከተማው ያን ቀንና ያን ሌሊት ያለ ሙቀት ሊያሳልፍ ነው።

በእንጨት የሚሞቅ አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የእድሩ አዳራሽ። የላይኛው መስመር ሰው ሁሉ ብርድ ልብሱን እየጎተተ እዚያ ተሰበሰበ። ትርንጎ ስትደርስ አባቷ ከእንጨት ምድጃው አጠገብ፣ በክብር ቦታ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ግንባራቸው አብረቅርቋል። በዚያ ብርድ ያላባቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጎንበስ አለች። "አባዬ፣ በላህ?"

"ምን ብዬ ልብላ?" ድምፃቸው ቀጭን ነበር። "መርፌዬን ተወግቼ መጥበሻውን ሳነሣ መጥተው ጠሩኝ። ዳኛ አይደለሁ፤ አዳራሹን ክፈት አሉኝ።"

መርፌውን ታውቅ እንደሆነ አልጠየቋትም። እሷም እንዴት እንዳወቀች አልነገረችም። "ና እንውጣ፣ አንድ ነገር ቅመስ።"

"በየት በኩል?" አሉ፤ በሩን እንኳ ሳያዩ። በእሳቸውና በበሩ መካከል ከተማው ሁሉ ተቀምጧል። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሆነም። ማንም አንድ ፍሬ ቆሎ አልቆረጠመም።

ያን ጊዜ ጥላው፣ ምሽቱን ሳይጠብቅ፣ ከአዳራሹ ግድግዳ መናገር ጀመረ። ለስላሳ ነበር፤ እንደ ሁልጊዜው።

"የዛሬው ሰበብ፦ እርቅ። ከዛሬ ጀምሮ መለኪያዎችን ሁሉ ሙሉ በሙሉ አምናለሁ። የታረቁት ልዩነቶች እንደገና ተሰልተዋል። በደንቡ መሠረት የላይኛው መስመር ይነበባል።"

ስም በስም ተነበበ። የአቶ እገሌ ቤት፣ ጠዋት ወተት ማፍላት። የወይዘሮ እገሊት ቤት፣ ያልተነገረ እንግዳ፣ ለሰባት ሌሊት። የመሪጌታው ቤት፣ ገላ መታጠብ፣ ደጋግሞ። መጀመሪያ አንዳንዱ ሳቀ። ቀጥሎ የራሱ ስም ሲመጣ ዝም አለ። ሰዎች ልጆቻቸውን ማየት፣ ልጆቻቸው ደግሞ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። አንዲት ሙሽራ ተጣጥፋ ብርድ ልብሷ ውስጥ ገባች። የእትዬ ዘነቡ ቤት ተጠራ፤ እግር ማሞቂያ ውሃ፣ ጠዋት ጠዋት።

"እኔማ ለምጄዋለሁ!" አለች እትዬ ዘነቡ ከጥግ። "ያልተጠራችሁ ካላችሁ እጃችሁን አውጡና እንያችሁ!"

ጥላው አንብቦ ጨረሰ። ከዚያ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ ስሌቱ ሙሉ መሆን ስላለበት ብቻ፣ ጨመረ፦

"በቃላቸው የጸኑ ቤቶች፦ አንድ። የአቶ ላቀው ደስታ ቤት።"

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ትርንጎ ፊቷ ሲግል ተሰማት። በዚያ ቀን በዚያ ከተማ የሞቀ ነገር ቢኖር እሱ ነበር። ኪዳኔ ከወዲያ በኩል አያት፤ ጥላ ቤት የሚሠራ ሰው ነው፤ ያልተጠራው ቤት መለኪያው የሞተ እንደሆነ በአንድ አፍታ ገባው። አንገቱን አቀረቀረ። ቢሳደብ ይሻላት ነበር።

"እኛ ሁላችን ስንወድቅ" አሉ አንድ ሽማግሌ በሚሰበር ድምፅ፣ "እግዚአብሔር አንድ ሰው አላሳጣንም። ጋሽ ላቀው፣ ይባርኩን።"

"ይባርኩን!" አሉ ሌሎች።

ጋሽ ላቀው ሊነሡ ሞከሩ። እግራቸው እንቢ አለ። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ይንቀጠቀጣል። ሰዉ ያየው ከስሜት ነው ብሎ ነው። ትርንጎ ምን እንደሆነ ታውቃለች፤ ትንሽ ቆይቶ ዓይናቸው እንደሚዞር፣ ከዚያ እንደሚወድቁ ታውቃለች። ኪሷን ዳበሰች። የጥላ ቤቱ መግቢያ ካርድ ብቻ ነው ያለው። "ዳቦ ስጡኝ" ብትል ሁሉም "ለማን?" ይላታል። አፏን ከፈተች። "አባዬ" ብቻ ወጣ፤ እሱም ቀስ ብሎ።

"እዩአት፣ በደስታ አለቀሰች" አለች አንዲት ሴት።

እትዬ ዘነቡ ከጥግ ተነሣች። በሰው መካከል እየተሻገረች መጣች። "እኔ ልቅደም" አለች ጮክ ብላ፤ "ከሁሉ የቆየ ዕዳ ያለብኝ እኔ ነኝ።" ሰዉ መንገድ ለቀቀላት። ጋሽ ላቀው ፊት ተንበረከከች፤ ነጠላዋን ዘርግታ ጉልበታቸው ላይ ስትደፋ ጫፉ የእሳቸውን ደረትና አገጭ ሸፈነው። ከአጠገባቸው የቆመችው ትርንጎ ብቻ ከነጠላው ሥር ያለውን እጅ አየች። እጁ ከረሜላ ከወረቀቱ ፈልቅቆ ወደ አባቷ አፍ ወሰደ።

ጋሽ ላቀው አፋቸውን አልከፈቱም።

"ይክፈቱ" አለች እትዬ ዘነቡ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ። "ባሌን የወሰደው ይኸው ላብ ነው። አውቀዋለሁ።"

ከፈቱ። ከረሜላው ገባ። ሁለተኛም ገባ። ጉንጫቸው አበጠ። አፋቸው ሞልቶ ነበርና መባረክ አልቻሉም፤ እጃቸውን ብቻ አንሥተው በራሷ ላይ አሳረፉ። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ወደ ልጃቸው አላዩም።

"አሜን!" አለች እትዬ ዘነቡ፣ ያልተነገረውን ምርቃት ተቀብላ።

"አሜን!" አለ አዳራሹ።

ሰዉ ከወንበሩ መነሣትና መሰለፍ ጀመረ። የወተቱ ቤት፣ የእንግዳው ቤት፣ መሪጌታው፣ ሙሽራዋ፤ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ተራውን ያዘ። እትዬ ዘነቡ ተነሥታ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ቦታዋ ስትመለስ ትርንጎ ጋ ስትደርስ ቆመች። እጇን ጨበጠቻት፤ ለሰው ሰላምታ ይመስላል። መዳፏ ውስጥ ግን ትንሽ፣ ጠንካራ፣ ወረቀቱ የሚንኮሻኮሽ ነገር ትታላት ሄደች።

"ተሰለፊ እንጂ" አለቻት። "ያኛው ለትንሽ ጊዜ ነው የሚያቆያቸው።"

ትርንጎ ከሰልፉ ጫፍ ቆመች። ከፊቷ ያሉት ዞር ብለው አይዋትና፣ የእሳቸው ልጅ አይደለችምን፣ እሷማ ትቅደም እንጂ፣ እየተባባሉ በአክብሮት ወደ ፊት አሳለፏት።